ከአስተርጓሚዬ ጋር የተጫወትኩት ቼዝ

ቼዝ የማትወዱም ብትሆኑ ይህችን አንብቡልኝ። ጨዋታው የአንድ እሑድ ከሰዓት ጨዋታ ነው፤ ነገሩ ግን የተጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ እዚሁ ሮም ውስጥ፣ መስኮቷ ወደ ግድግዳ በምትከፈት አንዲት ቢሮ ነው። እስከ ዛሬ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለማንም አጫውቼው አላውቅም።

አለማየሁ እባላለሁ። አገር ቤት ሳለሁ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላኝ ሠራተኛው ወኪል አድርጎ መረጠኝ። ወኪል ሆኜ ተናገርኩ፤ በተናገርኩት ታሰርኩ። አሥራ አንድ ወር ቆይቼ ስወጣ ፋብሪካው አልቀበልህም አለኝ፤ የማላውቃቸው ሰዎችም በየሳምንቱ ቤታችን እየመጡ ስለ እኔ መጠየቅ ጀመሩ። "ሂድልኝ" ያለችኝ እናቴ ናት። የበረሃውንና የባሕሩን ነገር ብዙዎች ተናግረውታል፤ እኔ አልደግመውም።

ሮም በገባሁ በአሥረኛው ወር ኮሚሲዮኔ ፊት ቀረብኩ። ጥገኝነት ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብሎ የሚወስነው አካል ነው። በክፍሏ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ጠያቂዋ ጣልያናዊት፣ እኔ እና አስተርጓሚው። አስተርጓሚው ስልሳን የተሻገሩ፣ በቡናማ ሹራብ ላይ ኮት የደረቡ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ድምፃቸው የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ ይመስላል። ገና ሲጀመር ጠያቂዋ ያለችውን ተርጉመው "በእኔ አስተርጓሚነት ትስማማለህ?" አሉኝ። የአገሬ ሰው፣ የአባቴ እኩያ። "እስማማለሁ" አልኩ።

አራት ሰዓት ተናገርኩ። ከቤተሰቤ እንኳ የደበቅሁትን ሁሉ በእሳቸው አፍ አወጣሁት። በመጨረሻ የተጻፈውን በአማርኛ መልሰው አነበቡልኝ። ያልኩት ሁሉ በቦታው ነበር። ፈረምኩ።

ከአምስት ወር በኋላ የመጣው ወረቀት "ቃሉ የሚታመን አይደለም" ይላል። ጠበቃዬ ምክንያቱን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ታሰርኩ ባልኩበት ዓመት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንደነበርኩ እዚያው ቃሌ ላይ ተጽፏል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንዴት የፋብሪካ ሠራተኞች ወኪል ይሆናል? ነገሩ የገባኝ ቤት ገብቼ በጣቴ ስቆጥር ነው። እኔ ዓመቱን ሁሉ የተናገርኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። አስተርጓሚው የትምህርት ቤቱን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ቀይረው ተረጎሙት፤ የታሰርኩበትን ግን ሳይቀይሩ እንዳለ አሻገሩት። ሰባት ዓመት ከምናምን ከሕይወቴ ላይ ተቆረጠ። መልሰው ሲያነቡልኝም ያንኑ የራሴን ቁጥር ስለጠሩልኝ ጆሮዬ አልነቃም።

ጠበቃዬ ሪኮርሶ አስገባች፤ ይግባኝ ማለት ነው። ግን አልደበቀችኝም። "ከተከለከለ በኋላ የፈጠረው ሰበብ ነው ቢሉንስ? ፈርመህበታል፤ ማስረጃችን ምንድን ነው?" አለችኝ። ማስረጃ አልነበረንም። የነበረኝ በወረቀቱ ግርጌ ላይ የሰፈረው የአስተርጓሚው ስም ብቻ ነው። ሙሉ ስማቸውን አልጽፈውም፤ ጋሽ ሰይፉ ብላቸው ይበቃል።

ይግባኙ ሳይታይ፣ ያን ስም ሁለት ዓመት ተሸክሜው ዞርኩ። በአንድ ምግብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሳህን አጥባለሁ፤ ከላይ የሚወርደውን ሳህን እንጂ የሚበላውን ሰው አላይም። የምኖረው ፖንቴ ማሞሎ አካባቢ ከሁለት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ነው፤ አንዱ ከማሊ፣ አንዱ ከባንግላዴሽ። በምልክትና በተሰባበረ ጣልያንኛ እንግባባለን፤ ሁላችንም ደክሞን ስለምንገባ እሱም ብዙ አያስፈልገንም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቼ ነበር። "ወረቀትህ እንዴት ሆነ?" የሚለውን ጥያቄ ፈራሁት። ለእናቴ በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ "ደህና ነኝ፣ ወረቀቴ ደርሷል" እላታለሁ። ከዚያ በቀር አማርኛ ሳልናገር ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። በልቤ ግን ሁልጊዜ እናገራለሁ፤ ከጋሽ ሰይፉ ጋር። ሳህን እያጠብኩ እጠይቃቸዋለሁ። ሆን ብለው ነው? ማን አዘዘዎት? ምን አድርጌዎት ነው? መልሱንም ራሴ እሰጣለሁ፤ ሁልጊዜም መልሱ ክፉ ነው።

ቼዝ የተማርኩት በፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ከአንድ አዛውንት መካኒክ ነው። ሮም ውስጥ የምጫወተው ከስልኬ ጋር ነበር። ቲቡርቲና ጣቢያ አጠገብ በጎ ፈቃደኞች ጠዋት ጠዋት ጣልያንኛ የሚያስተምሩበት ቤት አለ። አስተማሪዬ ጁሊያና አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስልኬን አይታ፣ አባቷ የሚጫወትበት የቼዝ ክበብ ከዓርብ እስከ እሑድ ውድድር እንዳለው ነገረችኝ። እምቢ ብላት እንኳ አልሰማችኝም፤ የአባልነት ካርዱንም ራሷ አወጣችልኝ።

ውድድሩ በአንድ ደብር አዳራሽ ውስጥ ነበር። አምስት ዙር ነው፤ ሰዎቹ ብዙ ስለሆኑ ሁለት ክፍል ተከፋፍለን ነበር የምንጫወተው። እኔ ጥግ እቀመጣለሁ፤ ጨዋታዬ ሲያልቅ ወጥቼ ደረጃው ላይ ዳቦዬን እበላለሁ። ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም። የሚገርመው ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ቼዝ ላይ ቋንቋ አያስፈልግም፤ ፔርሜሶህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ አሳይ የሚል የለም። ከአራቱ ዙር ሦስቱን አሸነፍኩ።

እሑድ ከሰዓት የመጨረሻው ዙር ድልድል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጣቴን እያወረድኩ ስሜን አገኘሁት። ከስሜ ትይዩ ያለውን ስም ግን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሞክሼ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሮም ውስጥ ስንት ሰይፉ፣ ያውም የአባቱ ስም እንዲህ የሆነ ቼዝ ተጫዋች ይኖራል?

ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ተቀምጠው ነበር። ያው ቡናማ ሹራብ። ከስተዋል፤ ጸጉራቸውም ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። በግራ እጃቸው የቀለበት ጣት ላይ ሁለት የጋብቻ ቀለበት ደራርበዋል፤ አንዱ የሴት ነው። ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። በቼዝ ሕግ ሳይጨባበጡ መጀመር ነውር ነው። የጣቶቼን ጫፍ ሰጠኋቸው። እንደሚያውቁኝ የሚናገር ነገር ፊታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ከእሳቸው ጋር ኖሬ እሳቸው ረስተውኛል ብዬ አሰብኩ።

ለመናገር አፌን ስከፍት ዳኛዋ ሰዓት አስጀምሩ አለች። ከዚያ በኋላ መናገር ክልክል ነው።

ነጩ የእሳቸው ነበር። የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፉ፤ እኔም ገፋሁ። ፈረስ አወጡ፤ አወጣሁ። ቢሾፓቸውን ወደ እኔ ንጉሥ አቅጣጫ አነጣጠሩ፤ የእኔንም ትይዩ አስቀመጥኩት። ይህን አከፋፈት እዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ጸጥ ያለው ጨዋታ ይሉታል። ሁለቱም ሰው ቤቱን እያደላደለ ቀስ ብሎ የሚጀምርበት ነው። አራተኛው እርምጃ ላይ ግን ጋሽ ሰይፉ ጸጥታውን አፈረሱት። ከዳር ሁለተኛውን ወታደር ከቢሾፔ ፊት ገፍተው፣ ብላው ብለው አቀረቡልኝ። ያለ ምንም ጠባቂ፣ በነፃ።

ይህንን ከመካኒኩ ተምሬዋለሁ። አንድ ወታደር ሰጥተውህ ጊዜ ይወስዱብሃል፤ መሀሉን ይይዙና ንጉሥህን ሳትሸሽገው ይደርሱብሃል። እሱ የመከረኝ ቢሾፑን አንድ ቤት ስቤ እንዳልነካው ነው። "ሳትጠይቀው የሚሰጥህን ሰው፣ ከመቀበልህ በፊት ቆም ብለህ እየው" ይል ነበር። አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ግን ንዴቴ ቀደመኝ። ከእኔ ሰባት ዓመት የወሰደ ሰው አንድ ወታደር ቢሰጠኝ ምን አለበት? በላሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል መከራ ነው። ቢሾፔን እያባረሩ በየእርምጃው አንድ ጠጠር ጨመሩ። ንጉሤ መሀል ሜዳ ቀረ። አንዱን በር ስዘጋ ሌላው ይከፈታል። ቀና ባልኩ ቁጥር ፊታቸው ሰሌዳው ላይ ነው። በአዳራሹ ውስጥ የእስክሪብቶና የሰዓት ድምፅ ብቻ ይሰማል። አማርኛ የምንናገር ሁለት ሰዎች አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። በዚያች ከተማ እንደዚያን ሰዓት ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እንዳልሸነፍ ንግሥቴን በንግሥታቸው ለወጥኩ፤ አንድ ፈረስም ከፈልኩ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ እሳቸው በግልጽ ይበልጡኝ ነበር። ችግራቸው ሰዓት ነው። ደቂቃዎች ብቻ ቀርተዋቸዋል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ግን ሠላሳ ሴኮንድ ይጨመራል። ስለዚህ ለማሰቢያ ጊዜ ለመሰብሰብ ያህል በግንባቸው ንጉሤን ቼክ ይሉታል፤ ንጉሤ አንድ ቤት ይሸሻል። ግንቡ ተመልሶ ከሌላ ቤት ቼክ ይላል፤ ንጉሤም ይመለሳል። አንድ ጊዜ አደረጉት። ሁለተኛ አደረጉት። እንደገና ቼክ ሲሉኝ እርምጃዎቹን የምጽፍበትን ወረቀት አየሁ። ንጉሤ አሁን ቢመለስ ያው አቀማመጥ ሦስተኛ ጊዜ ሊሆን ነው። አንድ ዓይነት አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ደግሞ አቻ ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን ሥርዓት አለው፤ እርምጃህን ትጽፋለህ፣ ጠጠሩን ሳትነካ ሰዓቱን ታቆማለህ፣ ዳኛ ትጠራለህ። ከነካኸው መብትህ ቀረ።

ጻፍኩ። ሰዓቱን አቆምኩ። እጄን አነሣሁ።

ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መጣች። "ትሬ ቮልቴ" አልኳት፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በላይ ቃል አልነበረኝም። የእኔ ጣልያንኛ የሳህንና የትሪ ጣልያንኛ ነው። እሷ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀችኝ። ከጎናችን የሚጫወተው ሰውዬ ጣልቃ ገብቶ እጁ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ንጉሡን ሳይነካው አልቀረም አለ። ይህን ሰማሁት። መስማቱን ሁለት ዓመት ተምሬዋለሁ፤ መመለስ ነው ያቃተኝ። ጁሊያና ከጠዋት በኋላ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ዳኛዋ ዙሪያዋን እያየች የዚህን ልጅ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ሰይፉ እጃቸውን አነሡ።

አንዳንድ ሰው ሳቀ። ጎረቤታችን ተጋጣሚው እንዴት ያስተረጉምለታል አለ። ዳኛዋ ትንሽ አመነታችና፣ ልጁ ከተስማማ እኔም እስማማለሁ አለች። ጋሽ ሰይፉ ወደ እኔ ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን። ያ የሬዲዮ ድምፅ ወጣ።

"በእኔ አስተርጓሚነት ትስማማለህ?"

ያቺው ክፍል፣ ያቺው ጥያቄ። ሌላ ሰው ግን አልነበረኝም። "እስማማለሁ" አልኩ።

"ዳኛዋ የምትጠይቅህ ንጉሡን አንቀሳቅሰሃል ወይ ብላ ነው።"

"አላንቀሳቀስኩም" አልኳቸው። "ልመልሰው ነበር። ጻፍኩት እንጂ አልነካሁትም።"

"ልመልሰው ነበር" እና "መለስኩት" በአማርኛም በጣልያንኛም ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ያችን ትንሽ ነገር ቢያዛቧት ጨዋታው የእሳቸው ነው፤ የውድድሩ ዋንጫም የእሳቸው ነው። ማንም አያውቅባቸውም። እኔ ብቻ አውቅ ነበር፤ እኔን ደግሞ ማን ይሰማኛል?

አላዛቧትም። ቃል በቃል፣ በቅደም ተከተሉ፣ ልክ እኔ እንዳልኩት አሻገሩት። ከዚያ ዝም ይላሉ ስል በራሳቸው ስም ጨመሩ። ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ነበር፣ ልጁ እውነቱን ነው፣ እጁ ወደ ሰዓቱ ነው የሄደው አሉ። ጎረቤታችን ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ዳኛዋ የሁለታችንን ወረቀት አስተያይታ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። አቻ ነው አለች። ዋንጫውን ከሌላ ጠረጴዛ ያሸነፈ አንድ ተማሪ ወሰደ።

ወረቀታችንን ፈርመን ወጣን። እኔ ቀድሜ ልሄድ ነበር። ያደረጉልኝ ነገር ከንዴቴ ጋር አልገጥም ብሎኝ፣ ራሴን ወዴት እንደማደርገው አላወቅሁም። በሩ ላይ ከኋላዬ "አለማየሁ" አሉ።

ቆምኩ። ስሜን ከድልድሉ ላይ አንብበውት ሊሆን ይችላል።

"ዓርብ እንደገባህ ነው ያወቅሁህ" አሉኝ። "ሦስት ቀን ሙሉ በሌላኛው ክፍል ተደበቅሁ። ዛሬ እግዚአብሔር ፊት ለፊት አስቀመጠን።"

አዳራሹ ፊት ለፊት አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ቆምኩ። ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አፌ ላይ የመጣው ግን ሦስት ቃል ነው።

"ዓመቱን ለምን አልቀየሩልኝም?"

ቀለበቶቹን በአውራ ጣታቸው እያዟዟሩ ተናገሩ። የዚያን ቀን ሚስታቸው ሆስፒታል ነበሩ። ሐኪሙ እደውላለሁ ብሏቸው ስለነበር፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ልባቸው ይሄድ ነበር። ሲያስተረጉሙ ዓመተ ምሕረት የሚጽፉባት ትንሽ ደብተር አለቻቸው፤ በአንድ በኩል የእኛን፣ ከጎኑ የፈረንጁን። የእኔን እስር ጽፈው ጎኑን ሳይሞሉት ስልኩ ነዘረ። የጻፉትን እንዳለ ተናገሩት። መልሰው ሲያነቡልኝም ከደብተራቸው ነበር ያነበቡት።

ሰው ነው፣ ይሳሳታል ልል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን አላበቁም ነበር።

"ስሕተቱን ያየሁት ባለቤቴ በተቀበረች በሦስተኛው ወር ነው" አሉ። "ደብተሩን ሳገላብጥ ጎኑ ባዶ የሆነ አንድ ዓመት አገኘሁ። ያንተ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ለቢሮው ልነግር ተነሣሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማስታወሻ ይዘን ከቢሮው መውጣት አይፈቀድልንም። ብናገር ማንም ዳግመኛ አይጠራኝም። ልጅ የለኝ፣ ሚስቴ ሄዳለች፣ ከሰው ጋር የምገናኘው በዚያ ሥራ ብቻ ነው። ይግባኝ ብሎ ተስተካክሎለት ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ ንግግርህን አጥፍቼ ቤቴ ቁጭ አልኩ።"

ስሕተቱን ይቅር ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ዝምታው ግን አዲስ ነገር ነው። ከዓመት በላይ አውቀው ዝም ብለዋል። በዚያ ዓመት ውስጥ እኔ ስንት ቀን ጣራ እያየሁ እንዳሳለፍኩ አሰብኩ። ብዙ ክፉ ቃል መጣልኝ፤ አንዱንም አላወጣሁትም። ምናልባት በአማርኛ ስለሆነ ነው። በዚያ ቋንቋ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ካወራሁ ሰንብቼ ነበርና፣ የመጀመሪያው ቃሌ ስድብ እንዲሆን አልፈለግሁም።

"ደብተሩ አሁንም አለ?" አልኳቸው።

"አለ።"

"ማክሰኞ አራት ሰዓት ጠበቃዬ ቢሮ ይምጡ" አልኩና አድራሻውን በጨዋታ ወረቀቴ ጀርባ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አውቶቡሱ መጣ፤ ገብተው ሄዱ።

ማክሰኞ እስኪደርስ እህል አልበላ አለኝ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የጠበቃዬ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። ጠበቃዬ ወጥታ አየችኝና፣ አትዘን፣ ሰው ለራሱ ይፈራል አለችኝ። ሊቀሩ እንደሚችሉ፣ ስልካቸውን እንኳ እንዳልጠየቅሁ አሰብኩ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከመንገዱ ማዶ አየኋቸው። ክራቫት አስረዋል። ወዲያው አልተሻገሩም። መብራቱ ሁለት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ሲያልፍ ቆመው ነበር። እኔም አልጠራኋቸውም። ሦስተኛው ላይ ተሻገሩ።

ደብተሯ የእጅ መዳፍ አታክልም። ጠበቃዬ ገጹን አገኘች። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት፣ የፋይሌ ቁጥር፣ ጎኑ ባዶ። ከላይም ከታችም ያሉት የሌሎች ሰዎች ዓመታት ሁሉ ጎናቸው ተሞልቷል። ጠበቃዬ የምስክርነት ቃላቸውን ጽፋ፣ ይህን ቢፈርሙ ምን እንደሚያጡ ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አውቃለሁ አሉና እስክሪብቶ ለመኗት።

ውሳኔው የመጣው ከስምንት ወር በኋላ ነው። የፍርድ ቤቱ ዳኛ እኔንም እሳቸውንም ጠርቶ ሰማን። ፔርሜሶዬን አገኘሁ። እናቴን ደውዬ፣ ቀድሞ ደርሷል ያልኳት ውሸት እንደነበር፣ አሁን ግን እውነት መሆኑን ነገርኳት፤ ጉዳዩ ከገባት በኋላ አለቀሰች። ጋሽ ሰይፉን ከዚያ ወዲህ ለትርጉም ሥራ የጠራቸው የለም።

አሁን የማይገመት ነገር ልንገራችሁ። ወረቀቱን በያዝኩበት ሳምንት ብቸኝነቱ ባሰብኝ። ሳህን እያጠብኩ የምከራከረው ሰው ጠፋ። ለካ በሮም ከተማ በየቀኑ የማስበው፣ በየቀኑ የማናግረው አንድ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጥላቻም ለካ ሰው ያስጠጋል። እሱ ሲወጣ ቤቱ ባዶ ሆነ። አንድ እሑድ ስልኬን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ለደስታዬ የምደውልለት ሰው ፈልጌ፣ ከእናቴ ሌላ ያገኘሁት የጋሽ ሰይፉን ቁጥር ነው። ደወልኩ። ቤታቸው ጠሩኝ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ እሑድ እንገናኛለን። ፓስታ ይቀቅላሉ፤ ስለ ሚስታቸው ያወሩኛል፤ እኔ ስለ ፋብሪካው አወራለሁ። ለሥራ ያልሆነ አማርኛ ከተናገርኩ ዘመን ሆነኝ ይሉኛል። ቼዝ ግን አንጫወትም። አንድ ቀን ሰሌዳውን ሳወጣ እጄን ያዙኝ። "ተወው" አሉ። "ካንተ ጋር ስጫወት ልሸነፍልህ ይቃጣኛል። እሱ ደግሞ ሌላ ውሸት ነው።" መልሼ አስቀመጥኩት።

ይህን የምታነቡ፣ ስሙን በልባችሁ ይዛችሁ የምትዞሩት ሰው ካለ፣ ይቅር በሉት አልላችሁም። እኔም ቢሆን አንዳንድ ጠዋት ስነሣ ይቅር እንዳላልኩ አውቀዋለሁ። ሄዳችሁ ጠይቁት ግን እላችኋለሁ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሳቸው ቦታ ሆኜ ለራሴ ስመልስ ኖሬአለሁ፤ ከመለስኩት ውስጥ አንዱም እውነት አልነበረም። እውነተኛው መልስ ከቤቴ በሜትሮ አራት ፌርማታ ርቀት ላይ፣ እሱም እንደኔው ብቻውን ተቀምጦ ነበር።